ጣና ውስጥ ያለ ፋጅ ሁሉ መድኃኒት አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ብዙ ሰው ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። እኔ ጋም ከየአቅጣጫው ደርሷል፤ «ይኼ ነገር እውነት ነው ወይ?» ከሚል ጥያቄ ጋር። ጽሑፉ የሚያወራው ባክቴሪያን ብቻ ስለሚያጠቁ ቫይረሶች ነው። ባክቴሪዮፋጅ ይባላሉ፤ ባጭሩ ፋጅ። የጸሐፊው ሐሳብ ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በዝተዋል። ፋጆች ባክቴሪያ ይገድላሉ። ጣና በፋጅ የተሞላ ነው። ስለዚህ የሐይቁን ውሃ በጥሩ ማጣሪያ አሳልፈን ብንጠጣው፣ ወይም ጉድጓዳችን ላይ ብንጨምረው፣ ኮሌራንና ታይፎይድን ያለ ምንም ወጪ እንከላከላለን።

ጸሐፊው የተነሱበት ጭንቀት የእኔም ነው። ማይክሮባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር «አተት ገባ» የሚል ወሬ እንዳልሰማ እሰጋለሁ። ፋጅ መድኃኒት ሊሆን ይችላል የሚለውንም ከልቤ አምናለሁ። ግን ጽሑፉ አንድ ትልቅ ነገር ዘሏል። ፋጁ ባክቴሪያው ውስጥ ከገባ በኋላ ይግደል ወይስ ይተኛ የሚለውን የሚወስነውን ፕሮቲን በቅጡ አላነሳውም። የነካካበት ቦታ ላይ ደግሞ አገላብጦታል። ሰው የሚጠጣው ነገር ላይ ምክር ስለተሰጠ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጽሑፉ ያነሳቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

«ፋጅ የገባበት ባክቴሪያ መሞቱ አይቀርም» ይላል የመጀመሪያው።

ለአንዳንዶቹ ልክ ነው። ቲ4 የሚባለው ፋጅ ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ከገባ ምሕረት የለውም። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ባክቴሪያው ይፈነዳል፤ መቶና ከዚያ በላይ አዳዲስ ፋጆች ይወጣሉ። ሌሎች ፋጆች ግን ሁለት መንገድ አላቸው። ዋናው ምሳሌ ላምዳ ነው። ኤስተር ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1951 ስላገኘችው ይህ ቫይረስ ካሳወቀች ወዲህ የስንቱ ላቦራቶሪ መማሪያ ሆኗል። ላምዳ ኢ. ኮላይ ውስጥ ሲገባ ወይ ተባዝቶ ይገድላል፣ ወይ ደግሞ 48,502 ፊደል የሚረዝመውን ዲኤንኤውን ባክቴሪያው ዲኤንኤ ውስጥ ሰክቶ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ቫይረሱም አብሮ ይገለበጣል። ልጅም የልጅ ልጅም ይወርሰዋል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ፔትሪ ዲሽ ላይ ባክቴሪያውን ከፋጁ ጋር ቀላቅላችሁ አፍስሱና ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት አውጥታችሁ ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታነሱት ባክቴሪያው ደብዘዝ ያለ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይታያል። ሽፋኑ ላይ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ቀዳዳ አለ። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ፋጅ የጀመረው እልቂት ነው። የቲ4 ቀዳዳ ጥርት ያለ ነው። የላምዳው ግን መሃሉ ጉም አለበት። ጉሙ በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቫይረሱን ዲኤንኤያቸው ውስጥ ይዘው፣ በዚያ ሁሉ ቫይረስ መካከል እየተባዙ ነው። ተማሪዎች መጀመሪያ ሲያዩት «ሙከራው ተበላሸብን» ይላሉ። ምንም አልተበላሸም። «ይገድላል» የተባለው ቫይረስ ያልገደላቸውን ነው የሚያዩት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ በጣም የከነከነኝም ይህ ነው። «አንዳንድ ጊዜ ፋጁ ካልገደለ፣ ባክቴሪያው ራሱን ለመከላከል አፋኝ ፕሮቲን አምርቶ ስላፈነው ነው» ተብሏል።

በላምዳ ላይ እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። አፋኙ ፕሮቲን፣ ሪፕሬሰር የሚባለው፣ የሚሠራው ከቫይረሱ በራሱ ጂን ነው። ቫይረሱ ራሱን በራሱ ያፍናል።

አሠራሩን ልግለጸው፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ላምዳ ዲኤንኤ ላይ ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ሁለት የንባብ መነሻዎች አሉ። አንደኛው ወደ ግድያ የሚወስዱትን ጂኖች ያስነብባል። ሌላው በተቃራኒ አቅጣጫ የአፋኙን ጂን ያስነብባል። እዚያው ላይ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ቦታ፣ ሦስት መቀመጫዎች አሉ። አፋኙ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ጥንድ አንደኛው መቀመጫ ላይ ያርፍና ሁለተኛውን ጥንድ ወደ ጎኑ ይስበዋል። ሁለቱ መቀመጫዎች ሲያዙ የግድያው መነሻ ይሸፈናል። ጂን የሚያነበው ኤንዛይም ማረፊያ ያጣል። በዚያው ጊዜ ሁለተኛው መቀመጫ ላይ ያለው አፋኝ ይኸንኑ ኤንዛይም በሌላው አቅጣጫ ያግዘዋል፤ ተጨማሪ አፋኝ እንዲሠራ። መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ አፋኙ ሦስተኛውንም መቀመጫ ይይዝና የራሱን ምርት ይገታል። ስለዚህ አይበዛም፣ አያልቅምም። ሴሉ እስከተመቸው ድረስ ይህ ሚዛን ለብዙ ትውልድ ሳይናወጥ ይቆያል።

ተቀናቃኝም አለው። ክሮ ይባላል፤ 66 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። እሱም የቫይረሱ ነው። የሚፈልገው እነዚያኑ ሦስት መቀመጫዎች ነው፣ ግን የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው። እዚያ ሲያርፍ የአፋኙ ምርት ይቆማል፤ ለግድያው መንገዱ ክፍት ይሆናል። ሁለት ፕሮቲን፣ ሦስት መቀመጫ፤ የባክቴሪያው ዕድሜ የሚወሰነው ማን የትኛውን ቀድሞ ያዘ በሚለው ነው። ስንት ጊዜ ባስተምረውም መደነቄ አልቀረልኝም።

ይህ መላምት አይደለም። ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ አንድሬ ልዎፍ ቫይረስ የተኛባቸውን ባክቴሪያዎች አንድ በአንድ በማይክሮስኮፕ ይከታተል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያሳርፍባቸው ጤነኛ የሚመስሉት ባክቴሪያዎች በጅምላ ፈነዱ። ፍራንስዋ ዣኮብና ዣክ ሞኖ ከዚህ ተነስተው ጂኖችን የሚያፍን ነገር መኖር አለበት አሉ። ሦስቱም በ1965 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ማርክ ፕታሽን ደግሞ በ1967 የላምዳን አፋኝ ለይቶ አወጣውና በቀጥታ ላምዳ ዲኤንኤ ላይ እንደሚጣበቅ አሳየ።

ለጸሐፊው ፍትሕ ለመስጠት፣ የባክቴሪያው እጅ ያለበት ቦታም አለ። የኮሌራ መርዝ የሚሸከመው ፋጅ የራሱ አፋኝ አለው፤ ሌክስኤ የሚባል የባክቴሪያው አፋኝም አብሮ ይዘዋል። የዲፍቴሪያ መርዝ ጂን ከፋጅ የመጣ ነው፤ ጂኑን የሚያፍነው ግን ባክቴሪያው ነው፣ ብረት በበቂ መጠን ሲያገኝ። ይሁን። «ባክቴሪያው አፈነው» የሚለውን እንደ አጠቃላይ ሕግ ማቅረብ ግን አይቻልም።

አፋኙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለእውቀት ያህል ብቻ የተነሳ አይደለም። የጸሐፊውን ዕቅድ በቀጥታ ይነካል። ላምዳ የተኛበት ባክቴሪያ ውስጥ አፋኙ ሁልጊዜ አለ። ሁለተኛ ላምዳ ከውጭ ቢገባ አፋኙ የእሱንም መቀመጫዎች ወዲያው ይይዛቸዋል። አዲሱ ቫይረስ ሥራ ሳይጀምር ይቀራል። ስለዚህ አንድ ፋጅ ተኝቶበት ለቆየ የባክቴሪያ ዘር ያንኑ ፋጅ በባልዲ ብታፈሱለት አይሞትም። እንዲያውም ያ ፋጅ ጎረቤቶቹን ሲጨርስለት ሜዳው ለእሱ ይለቀቃል።

«የተኛ ቫይረስ የሞተ ያህል ነው፣ ጉዳት የለውም።» ሦስተኛው ነጥብ ነው።

እምቦጭን የምናውቅ የጣና ዳር ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር ዝም ብለን ማሳለፍ የለብንም። አረሙ ተነቅሎ፣ ዳርቻው ጸድቶ፣ ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይተኛል፤ ሲመቸው ይበቅላል። የተኛ ፋጅ ከዚህም ይብሳል። የእምቦጭ ዘር ተኝቶ ሳለ ማንንም አይጎዳም። የተኛ ፋጅ ግን የግድያ ጂኖቹ ታፍነው ሳለ ሌሎች ጂኖቹን ለባክቴሪያው ሊያውሰው ይችላል። ከሚያውሳቸው መካከል መርዝ አለ።

ኮሌራን እንውሰድ። ሰውን በሰዓታት ውስጥ ውሃውን አሟጥጦ የሚጥለው መርዝ ጂኑ መነሻው ኮሌራን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ የቪብሪዮ ኮሌራ፣ አይደለም። ማቲው ዋልዶርና ጆን ሜካላኖስ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት ጂኑ የሚመጣው ከአንድ ክር መሳይ ፋጅ ጋር ነው። ያ ፋጅ ቪብሪዮ ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤው ላይ ይሰካል። ሲባዛም ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ እየሾለከ ይወጣል። ወጥቶ መርዝ የሌለውን ሌላ ቪብሪዮ ያገኝና መርዘኛ ያደርገዋል። በአይጥ አንጀት ውስጥ ሲሞከር ይህ ዝውውር ከላቦራቶሪው ይልቅ ተሳክቶለታል። «ፋጅ ኮሌራን ይገድላል» የሚለው ጽሑፍ ኮሌራን ገዳይ ያደረገውም ፋጅ መሆኑን አንድ መስመር አልሰጠውም። አንባቢው ሁለቱንም ማወቅ ነበረበት። ከባድ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው የኢ. ኮላይ ዓይነት፣ ኦ157 የሚባለው፣ መርዙን ያገኘው ከላምዳ ዘመዶች ነው።

አራተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። «መተኛቱም መግደሉም የዕጣ ጉዳይ ነው» ይላል። ዕጣ የለበትም አልልም፤ ሁለት መንትያ ሴሎች የተለያየ መንገድ ሲይዙ ይታያል። ግን ቫይረሱ ሁኔታውን ያነባል። ባክቴሪያው በደንብ የበላ ከሆነ የሴሉ ኤንዛይም አፋኙን የሚያስጀምረውን ፕሮቲን ይሰባብረዋል፤ ግድያ ይከተላል። ባክቴሪያው ሲራብ ወይም ብዙ ፋጆች አንዱን ሴል በአንድ ጊዜ ሲገቡበት ያ ፕሮቲን ይበረክታል፤ እንቅልፍ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎችን የሚያጠቁ ፋጆች ስድስት አሚኖ አሲድ ባላት አጭር ሞለኪውል መልእክት እንደሚለዋወጡ ታወቀ። መልእክቱ ሲበዛ «ብዙዎቻችን ገድለናል፣ ተረፈ ባክቴሪያ ጥቂት ነው» ማለት ነው፤ አዲሶቹ ፋጆች መተኛት ይመርጣሉ። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ምግብ በሞላበት ብልቃጥ የገደለ ፋጅ፣ ጣና ውስጥ የተራበ ባክቴሪያ ሲያገኝ ላይገድል ይችላል።

አምስተኛው ነጥብ ጠንቀኛ ነው። «ከፋጁ ውሃ ጋር አንቲባዮቲክ ደርቦ መውሰድ ጉዳት የለውም፤ ባክቴሪያው ሲሞት የተኛውም ቫይረስ አብሮት ይሞታል» ተብሏል።

ልዎፍ በጨረር ያየውን አስታውሱ። የባክቴሪያው ዲኤንኤ ሲጎዳ ሬክኤ የሚባል ፕሮቲን የተበጣጠሰው ዲኤንኤ ላይ ይጠመጠማል። የአደጋ ጥሪ ነው። የላምዳ አፋኝ ይህን ጥሪ «ይሰማል»። 236 አሚኖ አሲድ ያለው አፋኝ በ111ኛውና በ112ኛው መካከል ራሱን በራሱ ይቆርጣል። የተቆረጠ አፋኝ ጥንድ መሆን አይችልም፤ ጥንድ ያልሆነ ደግሞ መቀመጫው ላይ አይጸናም። መነሻው ይከፈታል። ቫይረሱ ተነስቶ ይባዛል፤ ባክቴሪያውን አፈንድቶ ይወጣል። መርከቡ ሊሰጥም ነው ብሎ የሚወጣ እንጂ አብሮ የሚሞት አይደለም።

ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ይህን ጥሪ የሚያስነሳ መድኃኒት ነው፤ የሚሠራው የባክቴሪያውን ዲኤንኤ በመጉዳት ነውና። ኦ157 ዓይነት ኢ. ኮላይ ሲሆን ችግሩ የከፋ ነው፤ መርዙ በብዛት የሚመረተው ቫይረሱ ሲነሳ፣ የሚፈሰውም ሴሉ ሲፈነዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአይጥ ጥናት ሲፕሮ የተሰጣቸው አይጦች መርዛቸው ጨምሮ እንደሞቱ አሳይቷል። ሐኪሞች በዚህ ሕመም ላይ አንቲባዮቲክ ለማዘዝ የሚያመነቱት በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ሆዱን ሲያመው ፋርማሲ ጎራ ብሎ «ሲፕሮ ስጪኝ» ይላል። ጽሑፉ ይህን ልማድ አበረታታ። እኔ ሐኪም ያዘዘውን አንቲባዮቲክ አትውሰዱ እያልኩ አይደለም። በከባድ ኮሌራ ላይ ከኦአርኤስና በደም ሥር ከሚሰጥ ፈሳሽ ጋር አንቲባዮቲክ ይሰጣል፤ ሕመሙንም ያሳጥራል። ምን እንደያዛችሁ ሳይታወቅ በራሳችሁ አትጀምሩ ነው የምለው።

ስድስተኛው ነጥብ የሕንዱ ወንዝ የጋንጀስ ታሪክ ነው። ጸሐፊው እንዳሉት ኧርነስት ሃንኪን እ.ኤ.አ. በ1896 የጋንጀስና የጁምና ወንዞች ውሃ የኮሌራን ባክቴሪያ እንደሚገድል ጽፏል። እውነት ነው። እኔም ልጨምርላቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የዳካ፣ ባንግላዴሽ ጥናት ኮሌራን የሚገድሉ ፋጆች ውሃው ውስጥ ሲበዙ ወረርሽኙ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እነዚያ ግን ገዳይ ፋጆች ናቸው፤ የሚበዙትም ወረርሽኙ ብዙ ሰው ከያዘ በኋላ ነው። ጋንጀስ ወደ ባሕር የሚገባበት ደለላማ ምድር (ዴልታው) ደግሞ እስከ ዛሬ የኮሌራ መኖሪያ ነው። ወንዙ ውስጥ ፋጅ መኖሩ ዳሩ ያለውን ሕዝብ ከኮሌራ አላዳነም።

ጣናስ? ጣና አንድ ወጥ ውሃ አይደለም። ግልገል ዓባይ በደቡብ ጭቃውን ይዞ ይገባል። ርብና ጉማራ ከፎገራ ሜዳ ይመጣሉ። መገጭ የጎንደርን ጎርፍ ያመጣል። ባሕር ዳር በኩል ከተማው የሚለቀው አለ። በሐምሌ ከዘጌ ማዶ የተቀዳ ውሃና በየካቲት ከከተማው ዳር የተቀዳ ውሃ አንድ ዓይነት ፋጅ አይዙም። «የጣና ፋጅ» የሚባል አንድ መድኃኒት የለም።

ማጣሪያውም አያድንም። ጸሐፊው ያሰቡት ባክቴሪያን አስቀርቶ ፋጅን የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው። እንዲህ ያለ ማጣሪያ አለ፤ ቀዳዳው ወደ 0.2 ማይክሮሜትር ነው። በዚያ ቀዳዳ የሚያልፈው ግን ገዳይ ፋጅ ብቻ አይደለም። የኮሌራን መርዝ ተሸካሚ ፋጅ ያልፋል። የኦ157 ዓይነት ፋጆች ያልፋሉ። ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ያልፋሉ፤ እነዚህ ደግሞ በቀጥታ ሰውን ያጠቃሉ። ማጣሪያ የሚለየው በመጠን ነው። የሚተኛና ገዳይ ፋጅ ደግሞ በመጠን አይለያዩም። የሚለያዩት በጂን ነው። የሐይቅ ውሃ ለመጠጥ ከሆነ መፍላት ወይም በክሎሪን መታከም አለበት፤ ያኔ ፋጁም አብሮ ይሞታል፣ ይሙት።

የመጨረሻው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር እቀራረባለሁ። «ሌላው ዓለም በፋጅ እያከመ እኛ ለምን እንቀራለን?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፋጅን ካገኙት ተመራማሪዎች አንዱ ፌሊክስ ዴሬል ከ1917 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደ መድኃኒት አስቦታል። ጆርጂያ ውስጥ ትብሊሲ ላይ የሚገኘው ተቋም ከ1923 ጀምሮ እየሠራበት ነው። ግን ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚሠራው ይታይ። ለንደን ውስጥ አንዲት የ15 ዓመት ታካሚ አንቲባዮቲክ ያልበገረው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመድ ሰውነቷን ወሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደታተመው ሦስት ፋጆች ተቀላቅለው በደም ሥሯ ተሰጧት፤ ሁኔታዋም በግልጽ ተሻሻለ። ከሦስቱ አንዱ የተገኘው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከበሰበሰ ደበርጃን ላይ ነው። በተፈጥሮው ገዳይ ስለሆነ እንዳለ ተሰጠ። ሁለቱ ግን የሚተኙ ዓይነት ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ዲኤንኤያቸውን አንብበው የአፋኙን ጂን አገኙና ከአንዱ ሙሉ በሙሉ፣ ከሌላው ዲኤንኤ የሚይዝበትን ክፍል ቆርጠው አወጡ። አፋኝ የሌለው ፋጅ መተኛት አይችልም። እነዚያ ሁለቱ መድኃኒት የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።

ጣና ውስጥም እንዲህ ያለ ፋጅ ሊኖር ይችላል፤ መፈለግም አለበት። የሚፈለገው ግን ከአንድ ከታወቀ ቦታ ናሙና ተቀድቶ፣ አንድ ፋጅ ብቻ ተለይቶ ነው። ከዚያ ቀዳዳው ጥርት ያለ መሆኑ ይታያል። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ አፋኙን በአጋጣሚ ያጣ ፋጅ ጥርት ያለ ቀዳዳ ይሠራል፤ የተኛ ዘመዱን ባክቴሪያ ውስጥ ሲያገኝ ደግሞ ጂኑን መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ዲኤንኤው ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። የአፋኝ ጂን፣ ባክቴሪያው ላይ የሚሰካበት ጂን፣ የመርዝ ጂን እንደሌለበት ይረጋገጣል። በመጨረሻም እዚሁ ከታካሚዎች በተገኙ ባክቴሪያዎች ላይ ይሞከራል። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚነሳ ወጣት ተመራማሪ ካለ ከጎኑ እቆማለሁ፤ ጸሐፊውም በያዙት ጉጉት ቢያግዙት ደስ ይለኛል።